ለጎረቤት የሞላሁት ፖስታ

ኦገስት 13፣ እሑድ

መጥተው ሄዱ። ልጄ ግራዚየላ ሁለቴ አስደግማ ፓስታ በላች፣ ሌኔት አንድ ሳህን ብቻ። ሌኔት ሁልጊዜ እንደዚያ ናት። ከዚያ ሳላዛት ትነሳና ሳህኑን ታጥባለች። ሰው ቤት መጥቶ ሳህን የሚያጥብ ሰው ደስ አይለኝም። ስንት ዓመት ነገርኳት፤ ስንት ዓመት ታጥባለች።

ሬዲዮው መንግሥት ለሰው ሁሉ ፖስታ ሊልክ ነው ይላል። ጥያቄው አንድ ነው። ሁለት ሴት፣ ወይም ሁለት ወንድ፣ በሕግ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ? አዎ ወይም አይ።

ግራዚየላ ሹካዋን አስቀመጠች። ልትለምነኝ ስትል አገጯን ታወጣለች። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የአገዳ ባቡር ትነዳለች፣ በሸንኮራ የተሞላ ፉርጎ ጎትታ ከተማውን ታቋርጣለች፤ አገጯ ግን ያው የልጅነቷ ነው።

"ማማ፣ ካለፈ እኔና ሌኔትም እንፈራረማለን። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ አንቺ እንድትሆኚልኝ እፈልጋለሁ።"

"የምን ምስክር?"

"የጋብቻ ነዋ።"

"እኔ እናትሽ ነኝ። ምስክር የሚባለው መኪና ሲጋጭ ያየ ሰው ነው።"

ሌኔት ማጠቢያው ጋ ሆና ሳቀች። ግራዚየላ አልሳቀችም።

"ለባንክ ፈርመሻል፣ ለሆስፒታል ፈርመሻል። ለእኔ አንድ ጊዜ ብትፈርሚ ምን ይጎድልብሻል?"

አይብ ጨመርኩላት።

ኦገስት 15

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሌኔት ናት። ከሰጠችኝ ቆይቷል፤ መሳቢያ ውስጥ ነበር። "የሚናገሩትን ይጻፉት፣ እጅዎ እንዳይረሳ" ብላኝ ነበር።

ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። አልፊዮ፣ ባሌ፣ በሞተ በወሩ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ተመዘገብኩ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሌኔት በቀን ሥጋ ቤት ሥጋ ትቆርጣለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ ስትጨርስ ለእንደኔ ዓይነቱ በነፃ ታስተምራለች። እጇ ሳሙና ሳሙና ይላል። ትዕግሥቷ ያናድደኝ ነበር። ስሳሳት ደስ የሚላት ነው የሚመስለው።

አንድ ማክሰኞ ዝናቡ መንገድ ዘጋ፣ ግራዚየላ ልትወስደኝ መጣች። "ይቺ ናት መምህሬ" ብዬ አስተዋወቅኋቸው። በገዛ አፌ።

አንዳንዴ ሳስበው፣ መሃይም ሆኜ ብቀር ኖሮ ልጄ ይኼኔ አንድ አገዳ ገበሬ አግብታ ሦስት ልጅ ወልዳ ነበር። ወይም ፈትታ። ማን ያውቃል።

ኦገስት 27፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር።

ሳሪና "ሰይጣን ድሮ ጆሮ ላይ ነበር የሚያንሾካሹከው፣ አሁን በፖስታ ቤት ጀመረ" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳሪና የግራዚየላ የክርስትና እናት ናት። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ነው ወደዚህ አገር የመጣነው፤ ባሎቻችን በአንድ ማሳ አገዳ ይቆርጡ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። አፏ ግን መዝጊያ የለውም።

"የክርስትና ልጄን እወዳታለሁ፣ ታውቂያለሽ" አለችኝ ቆየት ብላ፣ ለብቻችን ስንሆን። "ያቺ ተከራይዋም ቢሆን ደህና ቋሊማ ነው የምትሠራው።"

ተከራይዋ። ከተማው ሁሉ ሌኔትን እንደዚያ ነው የሚላት። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ሰው ሲጠይቀኝ የመጣልኝ ይኸው ነበር። ቤቱ የሌኔት ነው። ተከራይ ካለች ልጄ ናት።

ሴፕቴምበር 17፣ እሑድ

የእኔ ፖስታ ደረሰ። ወረቀቱ ከጠበቅኩት ያንሳል። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሳጥን። ፍሪጁ ላይ በማግኔት ሰካሁት።

ግራዚየላ አየችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "አስበሽበታል ወይ፣ ስለ ፊርማው?" አለችኝ።

"ገና መች አለፈና።"

"ሲያልፍ ማለቴ ነው።"

"ሲያልፍ አስብበታለሁ።"

ከንፈሯን ነከሰች። ልክ እንደ አባቷ። ስትነክስ አልወዳትም።

ሴፕቴምበር 19

ሙቀቱ ገና ሳይገባ ገባ። ቬንቲሌተሩ ይጮሃል። ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

እኔ ስዳር ለማንም ፖስታ አልተላከም። አባቴ ከአልፊዮ እናት ጋር ተነጋገረ፣ አንድ ፎቶ መጣ፣ ፎቶው ላይ ጸጉር ያለው ሰው ነበር፣ አለቀ። አልፊዮ እዚህ አገዳ ቆራጭ ነበር፤ መጥቶ ሊያገባኝ አይችልም። ስለዚህ በዚያ ዘመን እንደተለመደው በውክልና ተጋባን። ሙሽራው ባሕር ማዶ ሲሆን ወንድሙ ወይም አባቱ መሠዊያው ፊት በእሱ ቦታ ይቆማል። የአልፊዮ አባት ሞቷል፣ ወንድሙ ቤልጅግ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቤት የቀረችው እህቱ ቬኔራ ብቻ ነበረች። ቄሱ አጉረመረሙ፣ ለጳጳሱ ጻፉ፣ ይቻላል የሚል መልስ መጣ። ቬኔራ የእናቷን ጥቁር ካፖርት ለብሳ ከጎኔ ቆመች። "አልፊዮ ኑንዚያታን ያገባል" አለች። ድምፅዋን እንደ ወንድ ስታጎረንን ሳቄ መጣ። ቀለበቱን ያጠለቀችልኝ እሷ ናት። ሰፋኝ፤ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ክር ጠምጥማ አጠበበችልኝ።

የመሄጃ ወረቀቴ እስኪያልቅ፣ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በአማቴ ቤት ቆየሁ። ቀን ከቬኔራ ጋር ሎሚ እንለቅማለን። አንድ አልጋ ነበር የምንጋራው፤ ቤቱ ከዚያ በላይ አልነበረውም። ወሬኛ ናት፤ አፏ አያርፍም። የዛፉን ሁሉ ስም አውጥታለታለች፤ ሰነፉ፣ መነኩሴው፣ የቀበሌው ሹም። እዚያ ቤት ሳልስቅ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንግዲህ ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ በማንኛውም ነገር ይስቃል።

ከዚያ መርከቡ መጣ።

ባቡር ጣቢያ የተቀበለኝ ሰው ፎቶውን አይመስልም ነበር። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ስለሱ እዚህ አልጽፍም፤ ደብተሩ ገና አዲስ ነው።

ቬኔራ ለፋሲካ ለፋሲካ ደብዳቤ ትልክ ነበር። እኔ ማንበብ አልችልም፤ አልፊዮ ያነብልኛል። "ደህና ነን፣ ሎሚው ዘንድሮ ጥሩ ነው።" ከዚያ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ይጨምረዋል። ሁልጊዜ አጭር ነበር። ቬኔራ ግን በሕይወቷ አጭር ነገር ተናግራ አታውቅም።

እሷ ሳታገባ ቀረች። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ሞተች።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ፖስታው ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ሴፕቴምበር 20

ሐሳቤን ልጻፍ እንግዲህ፣ ማንም ስላልጠየቀኝ።

ቄሱ ጋብቻ ቅዱስ ነው ይላሉ። ያገቡ ሰው አይደሉም። ሬዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ጋብቻ መብት ነው ይላል፤ እሱም ሦስቴ አግብቶ ፈትቷል አሉ። እኔ ያገባሁትን አውቃለሁ። ሕግ አጋባኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ባረከኝ፣ ማኅተም ተመታልኝ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ስጮህ ሕጉም ቤተ ክርስቲያኑም አልሰሙም። ሳሪና ትሰማ ነበር፤ አጥራችን አንድ ነው። በነጋታው እንቁላል ይዛልኝ ትመጣለች።

እና ይህን ነው ልጄ የምትለምነው? የኖሩት ይበቃቸው ነበር። ማንም አልነካቸው፣ ማንም አላስገደዳቸው። ጠዋት ሻይ ይዛላት የምትመጣ ሴት አለቻት። ከዚህ በላይ ወረቀት ምን ይጨምራል?

ይህን ለግራዚየላ ብላት "ገብቶኛል ማማ፣ ግን አንቺ ያገባሽው አባባን ነው" ትለኛለች። አውቃታለሁ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። እነሱ ተጠየቁ። አገሩ ሁሉ ተጠየቀላቸው። አዎም ይሁን አይ፣ ነገሩ ስም አለው ተብሎ በወረቀት ላይ ተጻፈ። እኛ ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውም።

እኛ ስል የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ማለቴ ነው።

ሴፕቴምበር 22፣ ዓርብ

ሳሪና ፖስታዋን ይዛ መጣች። ከኋላዋ ጎረቤታችን ፒና፣ ከፒና ኋላ ከካታኒያ ከተማ የመጡት ሁለቱ እህትማማቾች፣ ከዚያ ያቺ እግሯን የምትጎትተው መበለት። እንግሊዝኛ የሚያነብ ከእኛ መካከል እኔ ብቻ ነኝ። የመብራት ሒሳብም፣ የሐኪም ቀጠሮም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ይህንንም እኔ ጋ አመጡት።

"የቱ ነው አይ የሚለው?" አለች ሳሪና።

"ይኸኛው።"

"በይ እሱ ላይ።"

"እጅ አለሽ አይደል? ራስሽ አድርጊው።"

"መነጽሬን ረስቼዋለሁ።"

መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ብዕሩን አነሳሁ።

ሁሉንም ጠየቅኋቸው፣ አንድ በአንድ። "አንቺስ? እርግጠኛ ነሽ?" ፒና ብቻ ትንሽ አመነታች። "የግራዚየላን ነገር ሳስብ" ብላ ጀመረችና ሳሪናን አይታ ተወችው። እንዳሉኝ ምልክት አደረግሁ። አታለልኩ እንዳይባል ወረቀቱን እያሳየሁ። ምላሴን አርጥቤ ፖስታውን ዘጋሁ፤ ሙጫው መራራ ነው።

የእኔን ፍሪጁ ላይ ሲያዩት "ያንቺስ?" አሉኝ።

"የእኔን እኔ አውቃለሁ።"

"ተዉ ተዉ፣ እናት ናት" አለች ሳሪና፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

ኦክቶበር 1፣ እሑድ

መጡ፣ በሉ። ሌኔት ሳህን አጠበች። ስለ ፖስታው ማንም አላነሳም። ግራዚየላ ፍሪጁን ስትከፍት ወረቀቱን በዓይኗ ዳሰሰችው።

የሴቶቹን መሙላቴን ልነግራት አሰብኩ። ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ኦክቶበር 7

ሳሪና አፏን ከፈተች። ያውም ሥጋ ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሞልቶ።

የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እያለቀሰች። ቋሊማ ልትገዛ ገብታ ሌኔትን "ኑንዚያታ ባትኖርልን ምን ይውጠን ነበር፤ የሁላችንንም እሷ ናት የሞላችልን፣ አይ አይ አይ፣ እግዜር ይስጣት" አለቻት። ለማመስገን ነው እኮ፣ ትላለች። ለሌኔት! አጠገቧ ከባቡር ጣቢያው ግራዚየላ ጋር የሚሠራው ባሪ ተሰልፎ ነበር።

"ሌኔት ምን አለችሽ?"

"ምንም። ቋሊማውን ጠቀለለችልኝ። ትንሽ ጨምራልኛለች መሰለኝ።"

ኦክቶበር 9

ግራዚየላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ ገባች። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

"ሞልተሽላቸዋል?"

"አዎ።"

"የሁሉንም?"

"ያሉኝን ነው የጻፍኩት። ታዲያ ልዋሻቸው? ዓይን የላቸውም ብዬ የራሴን ልሙላበት?"

"እሱን አላልኩሽም። የራስሽስ?"

ፍሪጁን አሳየኋት። ማግኔቱን አንስታ ፖስታውን ከፈተችው፤ ወረቀቱን አወጣች፣ አገላበጠችው። ባዶ ነው። አይ የሚል ምልክት ብታገኝበት ይሻላት ነበር መሰለኝ። ፊቷ እንደዚያ ነበር።

"ለመንደሩ ሁሉ ሞልተሽ ለእኔ አንድ ሳጥን መሙላት አቃተሽ።"

"እያሰብኩ ነው አልኩሽ።"

"አሥራ አራት ዓመት አስበሻል፣ ማማ።"

ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰች። በማግኔት ሰካችው፣ ቀጥ አድርጋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርግ እኔም ከፍ አደርግ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልን ነበር።

"የምስክሩን ነገር ተይው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ወለሉ ላይ የጫማዋ ጥቀርሻ ቀረ።

ኦክቶበር 15፣ እሑድ

ለሦስት ሰው አበሰልኩ። ልማድ ነው። ለውሻ አልሰጥም፣ ውሻ የለኝም።

ኦክቶበር 18

የአገዳው ሐዲድ ከጓሮዬ ጋር ይዋሰናል። ግራዚየላ በዚህ ስታልፍ ሁለቴ ጡሩምባ ትነፋልኛለች፤ ፈረቃ ከጀመረች ጀምሮ እንዲሁ ነው። ልብስ እያሰጣሁ ከሆነ መሀረብ አነሳላታለሁ።

አሁን ዝም ብላ ታልፋለች። ዛሬ ሆን ብዬ ገመዱ ሥር ቆምኩ። ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ሄደች። ሥራ ላይ ናት፣ ሐዲዱን ማየት አለባት።

ኦክቶበር 22፣ እሑድ

አልመጡም።

ለአንድ ሰው ማብሰል አላውቅም። ድስቱ ትልቅ ነው።

ኦክቶበር 25

ሳሪና እንቁላል ይዛ መጣች።

"ግራዚየላ ሰላምታ ከለከለችኝ" አለች። "እኔ ክርስትና ያነሳኋት! ምን አደረግኋት?"

"ሥጋ ቤት አፍሽን ከፈትሽ።"

"አንቺን እኮ ነው ያመሰገንኩት።"

"አንቺ አታመስግኚ። ዝም በይ።"

እንቁላሉን ሳህን ላይ ደርድራ ስትጨርስ "የእኔ ፖስታ ይኼኔ ደርሶ ይሆን?" አለችኝ።

"ደርሷል።"

"ማስመለስ አይቻልም?"

"ለምን?"

"እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።"

ኖቬምበር 4

ማንጎው መውደቅ ጀመረ። ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ቁጭ ብዬ አየሁት። ጋብቻን የምወድ መስሎኝ አይደለም፤ አልወድም። ወረቀት ሰውን ከምንም አያድንም፤ ያዳነው የለም። ግን እኔ ስዳር አባቴ አዎ አለ፣ ቄሱ አዎ አሉ፣ ጳጳሱ አዎ አሉ፣ ቬኔራ በወንድሟ ስም አዎ አለች። እኔን ሲጠይቁኝ ፊቴ ያለውን ሰው አይቼ አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አዎ ያልኩበት ቀን የለም።

ግራዚየላ የምትፈልገውን ሰው ራሷ ታውቃለች። ይህን ለማወቅ እኔ አላስፈልጋትም። ሳሪናም አታስፈልጋትም። ፖስታ የመጣለት ሰው ሁሉ አያስፈልጋትም።

አዎ የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ፖስታውን ዘጋሁ።

ኖቬምበር 6፣ ሰኞ

ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፖስታውን ተቀብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ ነገ እጃቸው መግባት አለበት። ከዚህ ነገ አይደርስም።"

"ፖስታ ቤት አይደለም እንዴ ይኼ?"

"ነው፤ ግን ሩቅ ነው የሚሄደው። ያለፈው ሳምንት ቢሆን ኖሮ።"

"ላኪው።"

"ልላከው እሺ፣ ግን ላይቆጠር ይችላል።"

"ላኪው አልኩሽ እኮ።"

አፈረች። ክፉ ሆንኩባት። ልጅቷ ምን አደረገች።

ለግራዚየላ አልነግራትም። በሽተኛው ከሞተ በኋላ የተጠራ ሐኪም እንደሚባለው ዓይነት ነገር ነው። ያልደረሰ ወረቀት ይዤ ደጇ ቆሜ ይቅርታ አልለምንም።

ኖቬምበር 15፣ ረቡዕ

አለፈ። ከአምስቱ ሦስቱ አዎ ብሏል።

ጠዋት ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲተቃቀፍ አየሁ። ድምፁን ቀነስኩት። ከስኳር ፋብሪካው ወገን የባቡር ጡሩምባ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ሳያቋርጥ። የእሷ ነው፤ የማንንም ከማንም እለያለሁ። ወጥቼ ጓሮው ውስጥ ቆምኩ። ባቡሩ እየቀረበ መጣ፣ ጡሩምባው እየቀረበ መጣ። የእኔ ቤት ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። ማንጎ ዛፉን ካለፈች በኋላ እንደገና ጀመረች።

እጄ ላይ የያዝኩትን መሀረብ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ኖቬምበር 28

የዘንድሮ አገዳ አለቀ። ፋብሪካው ቆመ። ከእንግዲህ እስከ ክረምቱ ባቡር የለም።

ዲሴምበር 8፣ ዓርብ

ሌኔት መጣች፣ ብቻዋን። ሥጋ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። አልተቀመጠችም።

"ግራዚየላ መምጣቴን አታውቅም" አለችኝ። "ለጋብቻው ማመልከቻ የእናት የልደት ስምና የተወለዱበት ቦታ ይጠየቃል። እሷ የመንደሩን ስም በትክክል መጻፍ አልቻለችም። እርስዎን መጠየቅም አልፈለገችም።"

ብዕር አመጣሁ። ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ የአባቴን ስም፣ የመንደሩን ስም። ሳትጠይቀኝ ቀስ ብላ ስታይ ነበር፤ እንደ ድሮው፣ ስሳሳት እንደምትጠብቀኝ። አልተሳሳትኩም።

"ጥሩ ተጽፏል" አለች።

"መምህርዎ ማን ነበር በይኝ?"

ፈገግ አለች። ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

"ምስክሮቹ እነማን ናቸው?"

"የእኔ እህት። እና ባሪ።"

"ባሪ? ያ ጥርሱን የማይፋቀው?"

"እሱ።" ቦርሳዋን ዘጋች። "ጃንዋሪ አሥራ ሦስት ነው፣ ቅዳሜ፣ ወንዙ ዳር ያለው መናፈሻ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። አትምጣ አላለችም።"

"ትምጣስ ብላለች?"

ሌኔት የተዘጋውን ቦርሳ እንደገና ዘጋችው። ውሸት አታውቅበትም፤ ለዚህ ነው ድሮም የምታናድደኝ።

በሩ ላይ ስትደርስ ልነግራት ነበር። ፖስታውን ልኬዋለሁ፣ አዎ ብዬ ነው፣ ዘገየ፣ ልላት ነበር። "ሥጋውን ፍሪጅ ውስጥ ልክተተው፣ ሙቀት ነው" አልኩና ገባሁ።

ዲሴምበር 25

ግራዚየላ ስልክ ደወለች። መልካም ገና አለችኝ። መልካም ገና አልኳት። ዝናብ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። እዚያም አለ አለች። ቤቷ ከእኔ ሦስት መንገድ ነው።

ጃንዋሪ 12

ሰማያዊውን ቀሚስ ተኮስኩ። መልሼ ሰቀልኩት። አወረድኩት።

ሳሪና አጥሩ ላይ ተደግፋ "ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም። አንቺስ?"

"እኔ? ኧረ በስመ አብ።" ከአጥሩ አንድ ቅጠል ቀጠፈች። "በምን ነው የምትሄጂው ግን? በታክሲ ነው?"

"ብሄድ በታክሲ ነው።"

"ለሁለት ቢሆን አይከፋም። ጋብቻውን አላይም፣ ፊቴን አዞራለሁ። ኬኩን ነው የማየው።"

ጃንዋሪ 13፣ ቅዳሜ

ሄድን።

ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ወጣ። ከሣሩ እንፋሎት ይወጣል። ሰው ብዙ አልነበረም፤ የባቡር ጣቢያው ሰዎች፣ የሥጋ ቤቱ ሰዎች፣ አንዳንድ የማላውቃቸው። ፊት ለፊት አንዲት ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ተደርጎባት ወረቀቶቹ ድንጋይ ተጭኖባቸው ተቀምጠዋል። እኛ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ጠረጴዛው ወለል ብሎ ይታያል። ፀሐዩ በቀጥታ ፊታችን ላይ ነበር።

ግራዚየላ ግራጫ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ጸጉሯን ተስተካክላለች፤ አንገቷ ላይ ፀሐይ ያልነካው ቦታ ነጥቷል። ከመጀመሩ በፊት ሰውን እየተቀበለች ወደ ኋላ መጣች። ሳሪናን ሳመቻት። ሳሪና እጇን ይዛ አልለቅም አለች።

ከዚያ እኔ ጋ ደረሰች።

"መጣሽ" አለች።

"መጣሁ።"

ልብሴን አየች። ግንባሬን አየች፤ ላብ ነበረበት።

"ማማ፣ ፀሐይ ላይ ነሽ። ትወድቂብኛለሽ። ወንበርሽን ወደዚያ ጥላው ውስጥ አድርጊው።"

"ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ።"

"ተነሽ በቃ" አለች፣ እየሄደች።

ተነሳሁ። ወንበሩን ወደ ዛፉ ጥላ ጎተትኩት። ሳሪና የራሷን ጎትታ ከጎኔ አስቀመጠች። ትልቅ ዛፍ ነው፣ ግንዱን ሦስት ሰው አያቅፈውም። ከዚያ ጠረጴዛው አይታይም። የሚታየኝ የሌኔት አንድ ክንድና የሕዝቡ ጀርባ ብቻ ነበር። ልመለስ አሰብኩ፤ የምታጋባቸው ሴትዮ መናገር ጀምራለች፣ አሁን ተነስቼ ሰው አልረብሽም። ደግሞ እዚያ አድርጊው ያለችኝ ልጄ ናት።

ሳሪና አንገቷን አስግጋ የሚታያትን ትነግረኝ ጀመር። ፊቴን አዞራለሁ ያለችው ሴት።

"ቀለበት አደረገችላት።"

"የቷ?"

"ልጅሽ ለሌኔት። አሁን ደግሞ ሌኔት። ልክ ነው፣ አልሰፋትም።"

ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ መሰለኝ፣ ጀርባው ሁሉ ዞረ።

"ግራዚየላ እየፈረመች ነው። ሌኔት ፈረመች። ያቺ እህቷ ናት? አዎ፣ እሷም። ባሪ ተቀመጠ። ኧረ ይኼ ሰው ብዕር አያያዝ አያውቅም።"

"ፈረመ?"

"ፈረመ።"

"ግራዚየላስ?"

"ቆማለች።"

"ወደዚህ አየች?"

ሳሪና አንገቷን ይበልጥ አሰገገች።

"ፀሐዩ ዓይኗ ላይ ነው" አለችኝ።